የፎሙ አውሮፕላን

የልጅ ልጄ ከቴሌቪዥን ካርቶን በወጣ ነጭ ፎም በሪሞት የሚበር አውሮፕላን ሠራ። የጀጎል መንገድ ጠባብ ነውና ሜዳ ወሰድነው። አፍንጫው ቀሎ ሁለቴ ወደቀ፤ ባትሪውን ወደፊት ሲገፋው በረረ። ደስ አለኝ።

ማታ ግን አልጋው ሥር ያበጠ የሊቲየም ባትሪ ቻርጅ ላይ አገኘሁ! እብጠት የሕመም ምልክት ነው፤ ባትሪም እንዲሁ። ሊነድ ይችላልና አይቻረጅም፣ አይበሳም። ደህናውም ቢሆን ሰው እያየው ሸክላ ላይ ተቀምጦ ይቻረጅ። ፎም በጋለ ሽቦ ሲቆረጥ ጭሱ ይጎዳል፤ መስኮት ይከፈት። ፕሮፔለሩም ጣት ይቆርጣል።

በ2007 ዓ.ም. በቮልስዋገን ሞተር የሠራውን አውሮፕላን ለማብረር የሞከረው አስመላሽ ዘፈሩ የተማረው የኅብረተሰብ ጤና ነበር። እኔስ ነርስ ሆኜ እንዴት ልከልክል? ባትሪውን ብቻ ከአልጋው ሥር አወጣሁ።