ልምድ መቆጠር የሚጀምረው ከመጀመሪያው ዓመት ነው

ቀን እየሠራን ማታ የፕሮጀክት አስተዳደር፣ በዕብራይስጥ ኒሁል ፕሮዬክቲም የሚባለውን ሙያ መማር ከጀመርን አንድ ዓመት ሞላን። ከመካከላችን በመጋዘን የሚሠራ አለ፤ አረጋውያንን የምትንከባከብ አለች፤ በቢሮ፣ በጥበቃና በፋብሪካ የሚውሉም አሉ። አንዳንዶቻችን ለዲግሪ፣ አንዳንዶቻችን ለምስክር ወረቀት እንማራለን። ከዚህ ዓመት ያገኘነው አንድ አቋም አለ፤ እሱን ለዚህ ገጽ አንባቢዎች ማካፈል እንወዳለን። የምስክር ወረቀት ብቻውን ሥራ አያስገኝም። ስለዚህ እየሠራ የሚማር ሰው ልምዱን መቁጠር ያለበት ሲመረቅ ሳይሆን ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ፣ ዛሬ ባለበት የሥራ ቦታ ነው።

ይህን የምንለው ያለ ምክንያት አይደለም። ተምሮ፣ ተመርቆ፣ ዲግሪውን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ከትምህርቱ በታች በሆነ ሥራ የሚውል ሰው በየዘመዶቻችን ቤት አለ። የሥራ ማስታወቂያ ስናነብ ደጋግመን የምናገኘው ቃል «ኒሳዮን» ነው፤ ልምድ ማለት ነው። ሥራ ለማግኘት ልምድ ይጠየቃል፤ ልምድ ለማግኘት ደግሞ ሥራ ያስፈልጋል። በትልልቅ ኩባንያዎች ውስጥ አጎት ወይም የጦር ሠራዊት ጓደኛ ያለው ሰው ይህን በር በአንድ ስልክ ያስከፍተዋል። ፕሮቴክጽያ የሌለን ሰዎች ግን በሩን የምንከፍተው በእጃችን ባለ ማስረጃ ነው። ማስረጃውን ደግሞ ዛሬ ካላዘጋጀነው በምረቃ ቀን ከየትም አይመጣም።

ሙያው ራሱም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። በ1969 በአሜሪካ የተመሠረተው የፕሮጀክት አስተዳደር ኢንስቲትዩት፣ በምህጻሩ ፒ.ኤም.አይ፣ በእስራኤልም የሚታወቀውን ፒ.ኤም.ፒ የተባለ የሙያ ማረጋገጫ ይሰጣል። ለዚህ ፈተና ለመቀመጥ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ሰው ፕሮጀክት በመምራት የ36 ወር ልምድ ማሳየት አለበት። ትምህርቱ ከሁለተኛ ደረጃ ያላለፈ ሰው ደግሞ 60 ወር ይጠየቃል። በሁለቱም ላይ የ35 ሰዓት ሥልጠና ይጨመራል። ለጀማሪዎች ካፕም የሚባል ሌላ ፈተና አለ፤ እሱ የሥራ ልምድ አይጠይቅም፤ የሁለተኛ ደረጃ ምስክር ወረቀትና የ23 ሰዓት ሥልጠና ይበቃዋል። ቁጥሮቹን አስተያዩአቸው፤ ሥልጠናው በሰዓት፣ ልምዱ በወር ይቆጠራል። በክፍል ውስጥ የምንቀመጠው ጊዜ ትንሹ ክፍል ነው ማለት ነው።

«እኔ እኮ ዕቃ ነው የማነሳው፤ ምን ፕሮጀክት አለኝ?» የሚል ሰው ይኖራል። በመጀመሪያው ዓመት የተማርነው ነገር ለዚህ መልስ አለው። ፕሮጀክት ማለት መጀመሪያና መጨረሻ ያለው፣ የተወሰነ ገንዘብና ሰው የተመደበለት፣ ከዕለት ተዕለት ሥራ የተለየ ውጤት የሚያመጣ ሥራ ነው። በየክፍሉ የሚነሳው የጋንት ሠንጠረዥ፣ በአሜሪካዊው መሐንዲስ በሄንሪ ጋንት ስም የተጠራው፣ የትኛው ሥራ መቼ ጀምሮ መቼ እንደሚያልቅ በመስመር የሚያሳይ ነው። ሠርግ የደገሰች እናት ይህን ያለ ወረቀት ታውቀዋለች። አዳራሹ ሳይያዝ የጥሪ ወረቀት አይታተምም፤ የእንግዳው ቁጥር ሳይታወቅ ምግብ አይታዘዝም፤ እንጀራው ግን ከሁሉም በኋላ ይጋገራል። የትኛው ሥራ ቢዘገይ ሠርጉ በሙሉ እንደሚዘገይ ማወቅ በመማሪያ መጽሐፋችን «ወሳኙ መስመር» ከሚባለው ነገር የተለየ አይደለም። እኛ የጎደለን ችሎታው ሳይሆን የሠራነውን በወረቀት ማስፈሩ ነው።

ስለዚህ ምክራችን ይህ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ከሥራ ኃላፊያችሁ አንዲት ትንሽ ሥራ ጠይቁ። የመጋዘን መደርደሪያ አደረጃጀት መቀየር፣ የፈረቃ ርክክብ ቅጽ ማዘጋጀት፣ ለአዲስ ሠራተኞች የመጀመሪያ ሳምንት መመሪያ መጻፍ፣ ቢሮ ከፎቅ ወደ ፎቅ ማዛወር ሁሉም ይሆናል። ሥራው ሲጀመር ግቡን፣ ቀኑን፣ ወጪውንና የሚሳተፉትን ሰዎች በአንድ ገጽ ጻፉ። ሲያልቅ ምን እንደተገኘ፣ ምን እንደዘገየና ለምን እንደሆነ ጨምሩበት። ኃላፊያችሁ እንዲፈርምበት ጠይቁ። በዓመት ሁለት እንዲህ ያለ ገጽ ያለው ሰው ለሥራ ቃለ መጠይቅ ሲቀርብ «ተምሬአለሁ» ብቻ ሳይሆን «ይህን ሠርቻለሁ» ይላል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሰፊ ነው።

በመካከላችን ይህን ሐሳብ የሚቃወሙ አሉ። «አሠሪው በነፃ ተጨማሪ ሥራ ይጭንብናል» ይላሉ። ስጋቱ እውነት ነው፤ በትጋቱ የታወቀ ሠራተኛ ብዙ ጊዜ የሚሸለመው በተጨማሪ ሸክም ነው። ነገር ግን መፍትሔው አለመጠየቅ አይደለም፤ ወሰኑን አስቀድሞ በጽሑፍ መነጋገር ነው። ሥራው በመደበኛው ሰዓት ውስጥ ይሠራ። ከሰዓት በላይ ከሆነ ሕጉ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ተጨማሪ ሰዓቶች የደመወዙን 125 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ላለው 150 በመቶ ያዛል። ይህም በትሉሹ፣ ማለት በደመወዝ ወረቀቱ ላይ መታየት አለበት።

ሌላው ጉዳይ ጊዜ ነው። ሳምንት 168 ሰዓት አለው። ሙሉ የሥራ ሳምንት 42 ሰዓት ነው። ለመንገድ 10፣ ለሁለት ምሽት ትምህርት 8፣ ለቤት ሥራ ሌላ 8 ብንይዝ 68 ይሆናል። በሌሊት ሰባት ሰዓት እንተኛ ብንል 49 ይጨመራል። የሚቀረው 51 ሰዓት ነው፤ ሰንበትን ለሚያከብር ሰው ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ልጅ፣ ወጥ ቤት፣ ሐኪም፣ ሠርግና ለቅሶ የሚገቡት በዚችው ጊዜ ውስጥ ነው። ለቅሶ ቤት የማይደርስ ሰው በእኛ ዘንድ ምን እንደሚባል የታወቀ ነው። በዚህ ላይ ልጅ ይታመማል፤ የሚሉዪም ጥሪ ይመጣል፤ የባልደረባ ፈረቃ ይደርባል። ሙያችን የሚያስተምረው ሕግ እዚህም ይሠራል፤ የሥራው ስፋት፣ ጊዜውና ወጪው የተያያዙ ናቸው፤ አንዱን ብትጨምሩ ሌላው ይነካል። ስለዚህ በመጀመሪያው ዓመት አንድ ትምህርት ቀንሶ መውሰድና በሥራ ቦታ አንድ ፕሮጀክት መጨረስ፣ ሁሉንም ተሸክሞ በአጋማሽ ከማቋረጥ ይሻላል ብለን እናምናለን። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ። የፈተና ቀኖችንም ገና በሴሚስተሩ መጀመሪያ ለቤተሰብና ለኃላፊ በጽሑፍ መስጠት ብዙ ቅሬታ ያስቀራል።

ገና ለመመዝገብ ላሰባችሁ ደግሞ ስለ ገንዘቡ ጥቂት እንበል። ትምህርት የሚሸጡ ድርጅቶች ደውለው «ኮርሱን ስትጨርሱ ሥራ እናስገባችኋለን» ይላሉ። ሥራ ማፈላለግ፣ በዕብራይስጥ ሀሳማ የሚባለው፣ ሥራ እንደመስጠት አይደለም። ቃል የተገባላችሁ ነገር በውሉ ላይ ተጽፎ ካላያችሁ አትፈርሙ። የጠቅላላውን ሰዓት ብዛት፣ የፈተና ክፍያ በዋጋው ውስጥ መኖር አለመኖሩንና ብታቋርጡ ምን እንደሚመለስላችሁ ጠይቁ። የኮርስ ምስክር ወረቀት የአካዳሚ ዲግሪ አይደለም፤ ዲግሪ የሚሰጥ ተቋም በከፍተኛ ትምህርት ምክር ቤት፣ በማላግ፣ የታወቀ መሆን አለበት። የፕሮጀክት መሪነት በግንባታ ቦታ ላይ በሕግ ፈቃድ ከሚጠየቅበት ከመናሄል አቮዳ ሥራም የተለየ ነው።

በስልክ ወይም በኢንተርኔት የተገባን ውል በ14 ቀን ውስጥ፣ ትምህርቱ ከመጀመሩ ቢያንስ ሁለት የሥራ ቀን በፊት መሰረዝ ይቻላል። የስረዛው ክፍያ ከዋጋው 5 በመቶ ወይም 100 ሸቀል፣ ከሁለቱ ካነሰው አይበልጥም። ሻጩ ካነጋገራቸው በኋላ በዚህ መንገድ ውል ለገቡ፣ ዕድሜያቸው 65 የሞላ፣ የአካል ጉዳት ያለባቸው ወይም አዲስ ገቢነታቸው አምስት ዓመት ያልሞላ ሰዎች፣ ሕጉ ለመሰረዝ አራት ወር ይሰጣል። ለክፍያ ብድር ከመውሰዳችሁ በፊት ኬረን ሂሽታልሙት ካላችሁ ተመልከቱት፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ለትምህርት ማውጣት ይቻላል። ከጦር ሠራዊት የተሰናበቱ ወጣቶችም ፒካዶናቸውን ለትምህርት መጠቀም ይችላሉ።

በመጨረሻም ለአሠሪዎች አንድ ቃል አለን። ከእናንተ ዘንድ ቀን ሠርቶ ማታ የሚማር ሠራተኛ ሥራችሁን ከመሠረቱ ያውቃል፤ የፈረቃውን ችግር ከውጭ ከሚመጣ አማካሪ ይልቅ ያያል። አንዲት ትንሽ ፕሮጀክት ብትሰጡት የምታወጡት ወጪ ጥቂት ነው፤ ለእሱ ግን የመጀመሪያው የልምድ ወር ትሆንለታለች። ለእናንተ ለተማሪዎቹ ደግሞ፣ ጥያቄው ሳይጠየቅ መልሱ አይመጣምና የሁለተኛው ዓመት ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ወደ ኃላፊያችሁ ግቡና ጠይቁ። ስትገቡም ምን መሥራት እንደምትፈልጉ፣ በስንት ሳምንትና ከማን ጋር እንደሆነ የሚገልጽ አንድ ገጽ በእጃችሁ ይኑር።