ላይክ የማይገዛው ፊርማ

የበረራ ዲስፓቸር ላይሰንሱን ገና ትናንት የተቀበለ ሰው ሊንክድኢን ላይ የሚለጥፈው ነገር ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው። ሰርተፊኬቱን ደረቱ ላይ ይዞ የተነሳው ፎቶ አለ፤ ሥሩ «ይህን ሳበስር ታላቅ ደስታ ይሰማኛል» የሚል መግቢያ፣ ከዚያ ለፈጣሪ፣ ለአስተማሪና ለክፍል ጓደኛ ምስጋና፣ መጨረሻ ላይ የተደረደሩ የአውሮፕላን ሥዕሎች። በማግስቱ ደግሞ ዓይተዋቸው ለማያውቋቸው ሰዎች መልእክት መላክ ይጀመራል፦ «ሰላም፣ ፕሮፋይልዎን አየሁት። የሙያ ጉዞዎ እጅግ አስደንቆኛል። ድርጅትዎ ውስጥ ሪፈር ሊያደርጉኝ ይችላሉ?» ተቀባዩ ሌሊቱን በነጎድጓድ መሀል አውሮፕላን ሲያዞር አድሮ ገና ጫማውን እያወለቀ ነው። የሙያ ጉዞውን አይቶ የተደነቀለት ሰው እንደሌለ አሳምሮ ያውቃል።

ልጁን አልወቅስም፤ እንዲህ አድርግ ያሉት አሉ። አሜሪካ ውስጥ ወደዚህ ሙያ ለመግባት የተመዘገበ ሰው ኮርሱን እንኳ ሳይጨርስ ጆሮው እስኪደነቁር የሚነገረው «ዋናው የምታውቀው ነገር ሳይሆን የምታውቀው ሰው ነው» የሚለው ነው። ፕሮፋይልህን አሳምር፣ ሳምንት ሳይዘል ፖስት አድርግ፣ ስም ያላቸው ሰዎች በጻፉት ሥር ኮሜንት ስጥ፣ ዋናው መታየት ነው። ምክሩ ቤት ለሚሸጥ ሰው ይበጅ ይሆናል። ለዲስፓቸር ግን ከከንቱ ድካም አልፎ ጎጂ ነው፤ ሙያው የሚጠይቀውን ጠባይ ገና ከደጃፉ ያበላሻልና።

ሥራው ምን እንደሆነ ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልበል። በአሜሪካ ሕግ መደበኛ በረራ ያለው የመንገደኞች አየር መንገድ አውሮፕላኑን በካፒቴን ውሳኔ ብቻ ማስነሳት አይችልም። ምናልባት ሺህ ማይል ርቆ ከኮምፒውተር ፊት የተቀመጠ ዲስፓቸር መንገዱን ይቀይሳል፣ አየሩን ያነባል፣ ነዳጁን ያሰላል፣ አስፈላጊ ሲሆን ተለዋጭ ማረፊያ ይመርጣል። ከዚያ ሪሊዝ የሚባለውን ሰነድ ሁለቱም ይፈርማሉ። በረራው በደኅና ይፈጸማል ብለው ሁለቱም ካላመኑ ጉዞ የለም። ኃላፊነቱም የጋራ ነው። አውሮፕላኑ ከተነሳ በኋላም ዲስፓቸሩ እስኪያርፍ ይከታተለዋል፤ መንገድ ላይ ችግር ከታየው ለካፒቴኑ የማሳወቅ ግዴታ አለበት።

ላይሰንሱን ለማግኘት ዕድሜ 23 መሙላት ያስፈልጋል፤ የጽሑፍ ፈተናውን ግን በ21 መውሰድ ይቻላል። በተፈቀደለት ትምህርት ቤት የሚሰጠው ኮርስ ቢያንስ 200 ሰዓት ነው። ከዚያ 80 ጥያቄ ያለው የጽሑፍ ፈተና፣ ቀጥሎ የቃልና የተግባር ፈተና ይመጣል። የኮሌጅ ዲግሪ አይጠየቅም፤ አብራሪ የሚያልፍበት የጤና ምርመራም የለም። በዋሽንግተን ወይም በዳላስ ኤርፖርት ሻንጣ እየጫነ፣ መንገደኛ እየመዘገበ ዓመታት የቆጠረ ወገናችን ዓይኑን ቢጥልበት አያስገርምም። በጥቂት ወራት ከዝናብና ከብርድ ወጥቶ አውሮፕላኑን የሚያሰማራ ሰው ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው የምክሩ ጉዳይ እኛንም የሚመለከተን።

እስቲ አንድ ምሽት እንይ። ሰባ ምናምን መንገደኛ የሚጭን ጄት ወደ ምዕራብ ቨርጂኒያ ተራሮች ሊሄድ ነው፤ የሚደርሰው እኩለ ሌሊት ግድም። ሕጉ የሚለው፦ ከመድረሻው ሰዓት አንድ ሰዓት በፊትና አንድ ሰዓት በኋላ ባለው ጊዜ የደመናው ከፍታ ቢያንስ 2,000 ጫማ፣ እይታው ቢያንስ 3 ማይል እንደሚሆን ከተተነበየ ተለዋጭ ማረፊያ ሳይጠቀስ መሄድ ይቻላል። ትንበያው የደመናውን ልክ ያሟላል፣ እይታውንም 4 ማይል ይላል። ስለዚህ ሕጋዊ ነው። ዲስፓቸሩ ግን ሌላም ነገር ያያል። ከሰዓት በኋላ ዘንቧል፣ መሬቱ ርጥብ ነው፤ ሰማዩ እየጠራ ነው፤ ነፋሱ ቀጥ ብሏል፤ የአየሩ ሙቀትና ጤዛ የሚያዝበት ልክ አንድ ዲግሪ ብቻ ቀርቷቸዋል። ጉም የሚወለደው እንዲህ ባለ ሌሊት ነው። ስለዚህ ተለዋጭ ማረፊያ ይጨምራል፤ እስከ መድረሻው፣ ከዚያ እስከ ተለዋጩ፣ በላዩ የ45 ደቂቃ መጠባበቂያ ነዳጅ ይጠይቃል። ነዳጁ ክብደት ነውና አምስት መንገደኛ መውረድ ሊኖርበት ነው።

ስልኩ ይጮኻል። የጣቢያው ኃላፊ «ትንበያው ጥሩ ነው እኮ፤ ሰው አስወርደህ ልታስጮኸኝ ነው?» ይላል። ካፒቴኑ ይደውላል፤ እሱም ደክሞታል፣ ቶሎ ደርሶ መተኛት ይፈልጋል። ዲስፓቸሩ ድምፁን ሳያነሳ ምክንያቱን ይናገራል፤ ከቁጥሩ ግን አይወርድም። ጉሙ ከመጣ አውሮፕላኑ ተለዋጩ ላይ ያርፋል፤ መንገደኛው በአውቶቡስ ሲንገላታ አድሮ አየር መንገዱን ይሳደባል። ጉሙ ካልመጣ ደግሞ አምስት ሰው በከንቱ ያስወረደ ፈሪ ይባላል። በሁለቱም መንገድ የሚያጨበጭብለት የለም። የዚህ ሙያ ስም የሚሠራው እንዲህ ባለ ሌሊት ነው፤ ፎቶ የሚነሳ፣ ፖስት የሚደረግ አንዳች ነገር የለበትም።

ታዲያ አንድ ሰው ሥራ ሳይጀምር ወራት ሙሉ ሰው ማስደሰት ሲለማመድ ከርሞ፣ ለእያንዳንዱ ፖስት «ድንቅ እይታ ነው!» እያለ ሲጽፍ ከርሞ፣ የመጀመሪያው ካፒቴን በቁጣ ሲደውልለት ምን ይላል ብለን እንጠብቃለን? ኦንላይን ላይ መልካም ስም ማለት የማያስከፋ ስም ማለት ነው። እዚያ የሚሸለመው የሚስማማ፣ የሚያመሰግን፣ የማይከራከር ሰው ነው። አየር መንገዱ ደመወዝ የሚከፍለው ግን አስፈላጊ ሲሆን ሃያ ዓመት የበረረ ካፒቴንን «አልፈርምም» ለሚል ሰው ነው።

የተጋነነ ከመሰለ ላሚያ የተባለውን የቦሊቪያ ቻርተር ድርጅት አደጋ ያስታውሱ። እ.ኤ.አ. ኅዳር 28 ቀን 2016 የብራዚሉን የቻፔኮኤንሴ እግር ኳስ ቡድን ጭኖ ከሳንታ ክሩዝ ወደ ሜዴሊን የተነሳው አውሮፕላን ነዳጁ አልቆ ተራራ ላይ ወደቀ። ከ77 ሰዎች 71ዱ ሞቱ። የበረራ ዕቅዱ ላይ የተጻፈው የጉዞ ጊዜ 4 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ነበር። ነዳጁ የሚያቆየው ጊዜም እንዲሁ 4 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ነበር። አንዲት ደቂቃ ትርፍ የለም። ዕቅዱን የተቀበለችው የኤርፖርት ሠራተኛ ይህንኑ ለድርጅቱ ዲስፓቸር እንደጠቆመችው፣ እሱም ካፒቴኑ ይበቃል እንዳለው እንደመለሰላት ተናግራለች። ካፒቴኑ ከድርጅቱ ባለቤቶች አንዱ ነበር። ዲስፓቸሩም እዚያው አውሮፕላን ላይ ተሳፍሮ ሞተ።

የዚያን ሰው ልብ ማንበብ አልችልም። አሠሪውን «አይበቃም፣ አልፈርምም» ለማለት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ግን ማንም ያውቃል። ዲስፓቸር ከሚያሰማራው ካፒቴን ጋር ውለታ ሊኖረው አይገባም የምለው ለዚህ ነው። በልመና በተገኘ ሪፈራል የገባ ሰው ግን ገና ሥራውን ሳይጀምር ባለዕዳ ነው፤ ያስገባውን ሰው ላለማሳፈር የሚጠነቀቅበት ጊዜ ይመጣል። አሜሪካ ውስጥ ዲስፓቸር ከካፒቴን ጋር እኩል ፊርማ የተሰጠው ማንንም ሳይፈራና ሳያፍር እንዲወስን ነው። ያን ነፃነት በገዛ እጃችን ቀድመን የምናስይዘው ለምንድን ነው?

የዲስፓቸሩ ድምፅ ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ከዚያ በፊትም ታይቷል። እ.ኤ.አ. ጥር 25 ቀን 1990 የአቪያንካ በረራ 52 ኒውዮርክ ሊያርፍ ሲል ሦስት ቦታ ላይ በድምሩ 77 ደቂቃ ሰማይ ላይ ሲዞር ቆይቶ፣ አንዴ ለማረፍ ሞክሮ ሳይሳካለት፣ ነዳጁ አልቆ ሎንግ አይላንድ ላይ ወደቀ፤ 73 ሰዎች ሞቱ። የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ዋናውን ጥፋት አብራሪዎቹ ነዳጃቸውን በአግባቡ ባለመያዛቸውና አስቸኳይነቱን በግልጽ ባለመናገራቸው ላይ ጥሏል። በዚያ ክፉ አየር የዲስፓች አገልግሎት እንዲያግዛቸው አለማድረጋቸውንም አስተዋጽኦ ካደረጉት ምክንያቶች ቆጥሮታል።

የሚቃወሙኝ ሰዎች አንድ ጥሩ ነጥብ አላቸው። ሙያው ጠባብ ነው፤ የአንዱን ጠባይ ሌላው ይሰማል፤ ስም ከሰው ሰው አይሻገርም አይባልም ይላሉ። ልክ ናቸው። ግን ያ ስም በምን ይሄዳል? አብሮህ የተማረ ልጅ ፈተና ስትኮርጅ ወይም ያልገባህን ገባኝ ስትል አይቶሃል፤ ነገ የሚሠራበት ክፍል ውስጥ ስምህ ሲነሳ እሱ ይናገራል። ሺፍት ስታስረክብ ያልነገርከው ማዕበል ተረካቢህ ላይ ሲፈነዳ እሱ አይረሳም። ሕጉ ዲስፓቸር በየዓመቱ ቢያንስ 5 ሰዓት ኮክፒት ውስጥ ተቀምጦ በረራ እንዲከታተል ያዛል። እዚያ ጃምፕሲት የሚባለው ተጨማሪ ወንበር ላይ ስትቀመጥ የምትጠይቀውን ጥያቄና ዝም የምትልበትን ጊዜ ሁለቱ አብራሪዎች ያያሉ። ይህ ሁሉ ትውውቅ ነው፤ አልጠላውም። ከሥራ የተወለደ ስለሆነ ግን ፕሮፋይል አያፋጥነውም።

በነገራችን ላይ ስም ለመገንባት ተብሎ የሚለጠፈው ነገር ራሱ ስም የሚያጠፋበት ጊዜ አለ። አዲስ ገቢው ዴስኩን ፎቶ አንስቶ ሲለጥፍ ከጀርባው ስክሪኑ ላይ የበረራ ቁጥርና የሠራተኛ ስም ይነበባል። ሌላው «ዛሬ አንድ ግትር ካፒቴን አጋጠመኝ» ብሎ ታሪክ ያወራል፤ ካፒቴኑም ሰው ነው፣ ስልክ አለው፣ ያነባል።

አየር መንገዶቹም ከደሙ ንጹሕ አይደሉም። የማመልከቻ ክምር ከማንበብ ሠራተኛን «የምታውቀው ሰው አለ?» ብሎ መጠየቅ ይቀላቸዋል። ትምህርት ቤቶቹም ቢሆኑ የአየር ትንበያ ለማስተማር ልምድ ያለው አስተማሪ መቅጠር ሲያስወጣቸው፣ ስለ ፕሮፋይል ማውራት ግን ምንም አያስወጣቸውም። እኛ ደግሞ አገር ቤት ሳለን ሥራ በዘመድ ነው እያልን ስናማርር ኖረን፣ ያው ነገር ኔትወርኪንግ ተብሎ ሲመጣ ሥልጣኔ ነው ብለን ኮርስ እንወስድበታለን። ዘመድ የሌለው እዚያም ተጎዳ፣ እዚህም ይጎዳል።

ስለ መጀመሪያው ሥራ የማይነገረው እውነት ደግሞ ይህ ነው። ብዙው ጀማሪ የሚገባው ሪጅናል በሚባሉት የአጭር መስመር አየር መንገዶች ነው። ስካይዌስት ዩታ ውስጥ ሴንት ጆርጅ፣ ኤንዴቨር ሚኒያፖሊስ፣ ኤንቮይ ቴክሳስ ውስጥ ኧርቪንግ ነው ያሉት። ቤተሰቡን ትቶ ማንንም ወደማያውቅበት ከተማ መዛወር፣ የገናንና የፋሲካን ሌሊት መሥራት፣ ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት በትንሽ ደመወዝ መኖር የሚችል ሰው ዕድሉ ሰፊ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤቱ ቁጭ ብሎ ሺህ ሰው ኮኔክት ያደረገ ሰው ይህን ውሳኔ እያራዘመ ነው እንጂ ወደ ሥራው እየቀረበ አይደለም። ከገባ በኋላም የሺፍትና የዕረፍት ምርጫ የሚደለደለው ባብዛኛው በቅጥር ቀን ቅደም ተከተል ነው። አምስት ሺህ ተከታይ ያለው ሰው ከሱ አንድ ሳምንት ቀድሞ የተቀጠረውን ዝምተኛ አይቀድምም።

ለፖስት የሚውለው ምሽት ሌላ ጥቅም አለው። የአሜሪካ የአየር ትንበያና የኤርፖርቶች የአየር ሁኔታ ዘገባ ለማንም በነፃ ክፍት ነው። ጀማሪው ማታ አንድ አስቸጋሪ ኤርፖርት ይምረጥ፤ ትንበያውን አንብቦ ተለዋጭ ማረፊያ እጠይቃለሁ ወይስ አልጠይቅም፣ ነዳጅ እጨምራለሁ ወይስ አልጨምርም ብሎ ከነምክንያቱ ደብተር ላይ ይጻፍ። ጠዋት ተነስቶ የሆነውን ያስተያይ፤ የት እንደሳተ በቀይ ያስምር። ቃለ መጠይቁ ላይ ጠያቂው አንድ ትንበያ ገፋ አድርጎለት «ካፒቴኑ ይበቃል ብሏል፤ አንተስ?» ሲለው፣ ሪፈር ያደረገው ሰው ክፍሉ ውስጥ አይኖርም።