እንግዳውና ባለአገሩ

አንባቢ ሆይ፤ «ቡዋና» የተባለውን የእስፓኝ ፊልም አይተኸው ይሆን? ኢማኖል ኡሪቤ እ.ኤ.አ. በ1996 ያዘጋጀው ነው። አንድ የታክሲ ነጂ ከነቤተሰቡ ባሕር ዳርቻ ሳለ ይመሽበትና፣ በስደት ከመጣ አፍሪካዊ እሳት ዳር ያድራል። በኋላ ግን ዘረኞች ጎረምሶች ስደተኛውን ሲያሳድዱት፣ ቤተሰቡ በመኪናው ተሳፍሮ ጥሎት ይሄዳል።

በእስፓኞች ለመፍረድ አንቸኩል። አያቶቼ በ1977 ዓ.ም. ረኃብ ከወሎ ወጥተው አሶሳ ሲሰፍሩ፣ እንግዶቹ እነርሱ፣ ባለአገሩ በርታው ነበር። ባርነት በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ ቢሻርም፣ የዚያ ዘመን የስድብ ስም ከአፋችን አልጠፋም። ባለፈው ሳምንት አንድ ተማሪዬ የበርታ ጓደኛውን በዚሁ ስም ጠራው። «ከማን ሰማኸው?» ስለው፣ «ከአያቴ» አለኝ። እኔም የሰማሁት ከአያቴ ነው፤ ያን ጊዜም ዝም ብዬ ነበር።

ዝምታም እንደዚያ መኪና ጥሎ መሄጃ ነው።