የጆል መሐላና የእኔ

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት ቡና እየቆላሁ ሳለ ሳሎኑ በጩኸት ተናጋ። የልጅ ልጄና የአክስቱ ልጅ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጠው እሱ «ልትለቃት ነው፣ ዝም ብለሽ እዪ!» ይላል፤ እሷ «ለዚህ ነው እንግዲህ ያን ሁሉ ሰው የፈጀችው?» ትላለች። እሱ 19 ዓመቱ ነው። እሷ 22 ዓመቷ ሲሆን ሕግ ትማራለች፤ ስትከራከር ችሎት ፊት የቆመች ነው የምትመስለው። ጭሱን ላሸታቸው ምጣዱን ይዤ ብቅ ስል፣ ሁለት የከሱ ሴቶች ባሕር ውስጥ ቆመው ይተናነቃሉ። ፊታቸው ደም በደም ሆኗል። አንዷ የሌላዋን ራስ ውሃ ውስጥ ደፍቃ ይዛዋለች። «ኧረ ጉድ! ምንድን ነው ይሄ?» ከማለቴ መብራት ሄደ።

ሦስት ሰዓት ያህል አልመጣም። እኔ ደግሞ ከ30 ዓመት በላይ በነርስነት ሠርቼ፣ ሰው ውሃ ውስጥ ተደፍቆ ሳይ «መብራት ሲመጣ እናያለን» ብዬ የምተኛ ሰው አይደለሁም። ቡናው ቀረበ፣ ሲመሽ ሻማ በራ፣ «በሉ ከሥሩ ጀምራችሁ ንገሩኝ» አልኳቸው።

ይህን ጨዋታ ጀምራችሁ ያልጨረሳችሁ ልጆች ካላችሁ፣ ጋዜጣውን ለወላጆቻችሁ መልሱ፤ መጨረሻውን ልናገር ነው። ወላጆችም ልብ በሉ፦ ጨዋታው በአውሮፓ ዕድሜያቸው 18 ለሞላ፣ በአሜሪካ ደግሞ 17 ለሞላ ተብሎ የተመደበ ነው። በኋላ ያየሁትን ስላየሁ፣ የመደቡት ሰዎች አልተሳሳቱም።

ስሙ «ዘ ላስት ኦፍ አስ ክፍል 2» ነው። ኖቲ ዶግ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ የሠራው ሲሆን የመጀመሪያው ክፍል እ.ኤ.አ. በ2013፣ ይሄኛው በሰኔ 2020 ወጣ። ታሪኩ እንዲህ ነው። አንድ ፈንገስ የሰውን አእምሮ እየያዘ ዓለምን አፍርሷል። ጆል የሚባል ሰው በመጀመሪያዋ ሌሊት ልጁን በወታደር ጥይት ያጣል። 20 ዓመት ቆይቶ አንዲት የ14 ዓመት ልጅ አሜሪካን አቋርጦ እንዲያደርስ ይሰጡታል። ስሟ ኤሊ ነው። (እኔም እንደናንተ የምትሳበዋ ትዝ ብላኝ ስቄያለሁ።) ልጅቷ ተነክሳ በሽታው ያልያዛት ናት፤ ሶልት ሌክ ሲቲ ባለ ሆስፒታል የመሸጉ ታጣቂዎች ከእሷ መድኃኒት ሊያወጡ ይፈልጋሉ። እዚያ ሲደርሱ ግን ኤሊ ውሃ አስምጧት ራሷን ስታ ነበር። ሐኪሙ ፈንገሱን ለማውጣት አእምሮዋን መክፈት አለበት፤ ከዚያ ኦፕራሲዮን አትነሳም። ጆል ይህን ሲሰማ መሣሪያውን አንስቶ፣ ሐኪሙን ጨምሮ ያገኘውን ገድሎ፣ ልጅቷን ታቅፎ ወጣ። ስትነቃ፣ እንደ እሷ ያሉ ብዙ ሰዎች እንደነበሩና መድኃኒት መፈለጉም እንደቀረ ነገራት። ማልልኝ አለችው። ማለላት። የመጀመሪያው ጨዋታ እዚህ ላይ ያበቃል።

ሁለተኛው ከዚያ መሐላ የበቀለ ነው። የሐኪሙ ልጅ አቢ አድጋ፣ ጡንቻ አውጥታ፣ ጆልን ፈልጋ ታገኘዋለች፤ ኤሊ ዓይኗ እያየ በጎልፍ ዱላ ቀጥቅጣ ትገድለዋለች። ኤሊ ደም ልትመልስ ወደ ሲያትል ትሄዳለች። ሦስት ቀን ኤሊን ሆነህ ስትገድል ቆይተህ፣ ጨዋታው ይገለብጥና ያንኑ ሦስት ቀን አቢን ሆነህ እንድትኖረው ያስገድድሃል። ያኔ የገደልካቸው ሰዎች ስምም፣ ጓደኛም፣ የሚያሳድጉት ውሻም እንደነበራቸው ታያለህ። ኤሊ በኋላ ከዲናና ከአንድ ሕፃን ጋር እርሻ ቤት ገብታ ሰላም አግኝታ ነበር። እንቅልፍ ግን አልወስዳት አለ፤ ሁሉን ጥላ አቢን ፍለጋ እስከ ሳንታ ባርባራ ወረደች። ያገኘቻት ባሕር ዳር እንጨት ላይ ታስራ፣ ፀጉሯ ተቆርጦ፣ አጥንቷ ብቻ ቀርቶ ነው። ኤሊ ራሷ ፈትታ አወረደቻት። ከዚያ ደግሞ ካልተደባደብን አለች። አቢ እምቢ ስትል፣ አብሯት የነበረው ሌቭ የሚባል ብላቴና አንገት ላይ ቢላ አደረገች። መብራት የሄደብን እንግዲህ እዚህ ድብድብ ላይ ነው።

«ምን ያከራክራችኋል ታዲያ?» አልኩ። አልኩና አበሳዬን አየሁ።

የሕግ ተማሪዋ ትቆጣለች። ኤሊ እዚህ ለመድረስ ስንቱን ገድላለች፤ አብዛኞቹ ጆልን አይተውት እንኳ አያውቁም። «የማያውቀውን ሁሉ ጨርሰሽ ዋናዋን ገዳይ ስትይዢ ማሩኝ ማለት ምን የሚሉት ፍርድ ነው?» አለችኝ፣ እኔ የፈረድኩ ይመስል። የልጅ ልጄ ደግሞ አቢ ብትሞት ያ ብላቴና ነገ አድጎ ኤሊን ፈልጎ ይመጣል፤ የሆነ ሰው ማቆም አለበት ባይ ነው። ይሄንን ክርክር እኔ በሌላ ስም አውቀዋለሁ። በሥራ ዘመኔ ደም የተቃቡ ሰዎችን ቁስል አጥቤያለሁ፤ አንዱ ሲድን ሌላው ሲገባ አይቻለሁ። ሽማግሌዎች ደም ሲያደርቁ የሚሉትን ነው ልጁ ሳያውቀው የሚናገረው።

ሁለቱም የተስማሙበት ቅሬታም አለ። ቢላውን የሚሰነዝረው ተጫዋቹ ነው፤ አዝራሩን ካልተጫነ ጨዋታው አይቀጥልም። መጨረሻ ላይ ግን ልግደል ወይስ ልማር የሚል ምርጫ አይሰጠውም። «እስከዚያ ድረስ እጄን ተጠቅመው እዚያ ላይ ቀሙኝ» ይላል የልጅ ልጄ። እኔ እዚህ ላይ ከሠሪዎቹ ጋር ነኝ። ምርጫ ቢሰጡት የኤሊ ታሪክ መሆኑ ቀርቶ የእሱ ይሆን ነበር።

እንዲህ የሚከራከሩት የእኔ ልጆች ብቻ አይደሉም አሉኝ። ጨዋታው በዚያው ዓመት ማብቂያ «ዘ ጌም አዋርድስ» በተባለው ሽልማት የዓመቱ ምርጥ ተብሏል። ነገር ግን ለመጨረስ ከ20 ሰዓት በላይ የሚፈጅ ሆኖ ሳለ፣ ገና በወጣበት ቀን በሺህ የሚቆጠር ሰው ዜሮ ሰጥቶታል። አቢን ሆና የተወነችው ላውራ ቤይሊ ደግሞ የግድያ ዛቻ ደርሷታል። በቀል ሰውን እንዴት እንደሚበላ የሚያሳይ ጨዋታ አጠናቅቆ፣ የተወነችዋን ሴት እገድልሻለሁ ብሎ መጻፍ! ሲኒዬን አስቀመጥኩ።

አንድ ነገር ላይ ግን ባለሙያ ነሽ ብለው ዳኛ አደረጉኝ፦ ኤሊ ብትሞት መድኃኒቱ ይሠራ ነበር ወይ? ፈንገሱ ከእውነት የተቀዳ ነው። ኮርዲሴፕስ ከሚባለው ወገን አንዱ ጉንዳን ይይዛል፤ ጉንዳኗን ተክል ላይ አውጥቶ ቅጠል ያስነክሳታል፣ ከሞተች በኋላ ከራሷ ላይ ይበቅላል። የሰው ገላ ግን ለአብዛኞቹ ፈንገሶች በጣም ሞቃት ነው። ለሰው የፈንገስ በሽታ ተፈቅዶ የሚሰጥ ክትባትም እስከ ዛሬ የለም። አንድ ሐኪም በፈራረሰ ሆስፒታል፣ በአንድ ኦፕራሲዮን ክትባት ያወጣል ማለት ለእኔ ከጨዋታው ሁሉ የባሰ ተረት ነው።

ቢሆንም ይሠራ ነበር እንበል። እኔን ያንገበገበኝ ሌላ ነው። ለምን አልቀሰቀሷትም? ልጅቷ ራሷን ስታለች እንጂ አልሞተችም፤ እስክትነቃ መጠበቅ ይቻል ነበር። ለትርፍ አንጀት እንኳ ስምምነት አስፈርመን ነው የምናስገባው። ሐኪሙ እንድትሞት ወሰነላት፣ ጆል እንድትኖር ወሰነላት፣ አንዳቸውም አልጠየቋት። በሁለተኛው ክፍል ላይ ሐኪሙ ልጅህ ብትሆንስ ተብሎ ሲጠየቅ መልስ ያጣል፤ በኋላ አቢ እሷ ብትሆን ኖሮ እንደምትስማማ ትነግረዋለች። የእሱ ልጅ ስለ ራሷ መናገር ችላለች። ኤሊ ያን ዕድል አላገኘችም። ዓመታት ቆይቶ እውነቱን ስታውቅ ጆልን ያኮረፈችውም በዚህ ነው፦ ሕይወቷ ለአንድ ነገር ይውል ነበር፣ እሱ ወሰደባት።

«አባት ነዋ! ምን ያድርግ? የምትወጂውን ሰው ለማዳን መዋሸት ምን ኃጢአት አለው?» አለ የልጅ ልጄ።

ሻማውን እያየሁ ቆየሁ። ከዚያ ለማንም ያልነገርኩትን ነገርኳቸው።

1981 ዓ.ም. ነው። በምሠራበት የሴቶች ክፍል ከገጠር የመጡ፣ 50 ዓመት ያለፋቸው እናት ተኝተው ነበር። የማህፀን በር ካንሰር ነው፣ ተሰራጭቷል። ልጃቸው አስተማሪ ነው፤ ኮሪደር ላይ ይዞኝ «ሲስተር፣ በእግዚአብሔር እንዳይነግሯት፤ የሰማች ዕለት ነው የምትሞተው» አለኝ። የዚያን ጊዜ ቤተሰብ ሁሉ እንዲህ ይል ነበር፤ ዛሬም ብዙው ይላል። ሐኪሙም ተስማማ። «ቁስል ነው» ተባሉ።

አንድ ሌሊት ተረኛ ሆኜ ሙቀታቸውን ስለካ እጄን ያዙኝ። «ልጄ፣ የማልተርፍ ከሆነ አገሬ ልግባ። ከእህቴ ጋር በአባታችን ከብት ተጣልተን ሰባት ዓመት አልተያየንም። እተርፋለሁ ወይ?» አሉኝ።

«ይተርፋሉ» አልኳቸው።

«በማርያም?»

«በማርያም» አልኩ።

ያን ሳምንት መኪና ላይ መቀመጥ ይችሉ ነበር። በወሩ ከአልጋ መነሳት አቃታቸው። እውነቱን የነገረቻቸው አጠገባቸው የተኛች ሕመምተኛ ናት፤ ሐኪሞቹ ሲዞሩ ሰምታ። ጠዋት ስገባ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረዋል። ልጃቸውን አልወቀሱም፤ ልጅ ነው። እኔ ግን በማርያም ብያቸዋለሁ። አልጋቸው ሥር ተንበርክኬ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ብዙ ቆይተው፣ ሳይዞሩ «እግዜር ይቅር ይበልሽ» አሉኝ።

በአራተኛው ቀን ዐረፉ። እህታቸው የደረሱት አስከሬኑ መኪና ላይ ሲጫን ነው።

እንግዲህ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ያንን ቃል እያገላበጥኩት አለሁ። ይቅር ያለ ሰው እንዲህ ይላል። ይቅር ማለት ያቃተው ሰውም ለእግዜር አሳልፎ ሲሰጥ እንዲህ ይላል። ፊታቸውን አላየሁም።

ልጆቹ ዝም አሉ። መብራት የመጣው ያኔ ነው።

የልጅ ልጄ ጨዋታውን አስነስቶ እዚያው ድብድብ ላይ ገባ። አቢ የኤሊን ሁለት ጣቶች ነክሳ ቆረጠች። (የሰው ንክሻ ቀልድ አይደለም፤ ያ እጅ ሳይመረቅዝ መዳኑ ራሱ ተአምር ነው።) ኤሊ ደፈቀቻት፤ በመሀል ጆል በረንዳ ላይ ጊታር ይዞ ተቀምጦ ለአፍታ ታያት፤ እጇ ላላ። አቢና ብላቴናው በጀልባ ሄዱ። ኤሊ ወደ እርሻው ተመለሰች፤ ቤቱ ባዶ ነው። ጆል ያስተማራትን ጊታር አንስታ ልትመታ ስትሞክር ጣቶቿ የሉም።

ከዚያ ያ በረንዳ ሙሉ ሆኖ መጣ። ጆል ሊሞት አንድ ቀን ሲቀረው ነው። እሱ ዕድሉ ዳግም ቢሰጠው ያንኑ እንደሚያደርግ ነገራት። እሷም በዚያ ነገር መቼም ይቅር የምትለው እንደማይመስላት፣ መሞከር ግን እንደምትፈልግ ነገረችው። በማግሥቱ ተገደለ።

ልጆቹ አቢን መማር ነበረባት፣ አልነበረባትም እያሉ መሽቷል። እኔ ያየሁት ሌላ ነው። አቢ የወሰደችው የጆልን ነፍስ ብቻ አይደለም፤ ኤሊ ይቅር ማለትን ልትለማመድበት የነበረውን ጊዜ ነው የወሰደችው። ሲያትል ድረስ፣ ሳንታ ባርባራ ድረስ የነዳት ያ ይመስለኛል። ያን ጊዜ ደግሞ ሰው በማስመጥ አታገኘውም፤ እጇ የላላውም በረንዳውን ስታይ እንጂ ለአቢ አዝና አይደለም።

«ልሞክር ማለት ግን ይቅር አልኩ ማለት አይደለም» አለች የሕግ ተማሪዋ፣ ቀስ ብላ።

«አይደለም» አልኳት።

ጊታሩን መስኮቱ ሥር አስደግፋ ስትሄድ ሦስታችንም እያየናት ነበር። ከዚያ ልጅቷ ወደ እኔ ዞረች። «እማማ፣ አንቺ እንደዚያ ያለ በሽታ ቢይዝሽ ይነገርሽ?»

«ይነገረኝ። ከሁላችሁም በፊት እኔ ልስማ።»

የልጅ ልጄ መቆጣጠሪያውን ሶፋው ላይ ወረወረው። «እኔ አልችልም። እኔ ጆልን ነው የምሆነው» አለ።

ወረቀት አምጣ አልኩት። ሦስት መስመር ጻፍኩ፦ ሕመሜ ምንም ይሁን ምን በቅድሚያ ለራሴ ይነገረኝ፣ ሳልጠየቅ ማንም እንዳይወስንልኝ፣ አገር ቤት መግባት ከፈለግሁ ገና መቀመጥ ስችል ውሰዱኝ። ፈረምኩ። ልጅቷ በምስክርነት ፈርማ ቀን ጻፈችበት። እሱ እስክሪብቶውን ይዞ ትንሽ ቆየና፣ በሕይወቱ አድርጎት የማያውቀውን ሲኒ ሰብስቦ ሊያጥብ ወደ ጓዳ ገባ።

ወረቀቱ ቡፌው መሳቢያ ውስጥ ከቤቱ ካርታ ጋር ነው። ከታች ለእሱ ፊርማ ቦታ ትቼለታለሁ።