ጳጉሜን 6 እና የስህተት ፍተሻ በጃቫስክሪፕት

ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ዓ.ም. የሚባል ቀን ነበረ፤ ጳጉሜን 6 ቀን 2016 ዓ.ም. የሚባል ግን የለም፤ የፊተኛው ዘመነ ሉቃስ፣ ተከታዩ ዘመነ ዮሐንስ ነውና። የድሬዳዋ ነጋዴ በጅቡቲ ወደብ በኩል ያስገባው ዕቃ ሰነድ በጎርጎርዮሳዊው፣ የአገር ውስጥ ሒሳቡ ደግሞ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ስለሚጻፍ፣ ለከተማዋ ንግድ የሚሠራ ሶፍትዌር ቀን የሚለውጥ ፋንክሽን ያስፈልገዋል። ታዲያ የሌለ ቀን ሲሰጠው ምን ያድርግ?

የጃቫስክሪፕት «ዴት» በዚህ ረገድ ክፉ አርአያ ነው። ዓመቱ፣ ወሩና ቀኑ በቁጥር ተለይተው ፌብሩዋሪ 30 ቀን 2024 ቢሰጠው፣ ያለ አንዳች ተቃውሞ ማርች 1 ያደርገዋል። በዚያው ልማድ የተጻፈ ለዋጭ ጳጉሜን 6 ቀን 2016ን ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024 ይለዋል፤ ይህም መስከረም 1 ቀን 2017 ነው። በአንድ የጣት ስህተት ደረሰኙ ዓመት ተሻገረ ማለት ነው። ስለዚህ ፋንክሽኑ «ሬንጅኤረር» የተባለውን ስህተት ሊወረውር ይገባል። በዚህ የሚከራከር ጥቂት ነው፤ ችግሩ ያለው መወርወሩን በሚያረጋግጠው ዩኒት ቴስት ላይ ነው።

በጄስት ቴስት የሚጽፉ ብዙዎች «ቱትሮው» ከሚለው ትእዛዝ ቀጥሎ ያለውን ቅንፍ ባዶ ይተዉታል። ትርጉሙ «ምንም ይሁን ምን፣ ስህተት ከተወረወረ ይበቃል» ነው። ፕሮግራመሩ «ሬንጅኤረር» ብሎ ሲጽፍ አንዲት ፊደል ገደፈ እንበል። ጃቫስክሪፕት ስሙን ስለማያውቀው በምትኩ «ሪፈረንስኤረር» ይወረወራል፤ ቴስቱም አለፈ ተብሎ በአረንጓዴ ይታያል። ሬንጅኤረርን ለይቶ የሚጠብቀው የመስኮት ኮድ ግን የመጣውን አያውቀውም፤ የሒሳብ ሠራተኛዋም «ይህ ቀን የለም» የሚል መልእክት በመጠበቅ ፈንታ የቆመ ፕሮግራም ታገኛለች። (ፋንክሽኑን በሌላ ፋንክሽን ሳይጠቀልሉ ለ«ኤክስፔክት» መስጠትም የታወቀ ስህተት ነው፤ እርሱ ግን ቴስቱን ስለሚጥለው ራሱን ያጋልጣል።)

አንዳንዶች ቴስት ሲጠብቅ ይሰበራል ብለው ይሟገታሉ። ስለ መልእክቱ ቃላት ከሆነ እውነት አላቸው፤ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማሊኛ በሚነገርባት ከተማ መልእክቱ ነገ ሊተረጎም ይችላልና፣ ቃል በቃል መፈተሽ ከንቱ ድካም ነው። የስህተቱ ዓይነት ግን በቋንቋ አይለወጥም። ስለዚህ በቅንፉ ውስጥ መግባት ያለበት ዓይነቱ ነው።

ይህም ብቻውን አይበቃም። ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ያለ ስህተት ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 መሆኑን የሚጠይቅ ሁለተኛ ቴስት ከጎኑ ሊቆም ይገባል። አለዚያ ጳጉሜን 6ን በየዓመቱ የሚክድ ፋንክሽንም ፍተሻውን ያልፋል፤ ጉድለቱም የሚታወቀው በ2019 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ነጋዴው የዕለቱን ሽያጭ መመዝገብ ሲያቅተው ነው።