ስልኩ ሲጮህ ሂሳቡ ይዛባል

ዛሬ በመርካቶም ሆነ በቦሌ ነጋዴው ያጣው ዕቃ፣ ብድር ወይም የውጭ ምንዛሪ ብቻ አይደለም። ከሁሉ ይልቅ የጠፋው ሳይቋረጥ የሚታሰብበት አንድ ሰዓት ነው። ገና ሱቅ ሳይከፈት ቴሌግራሙ ይጮኻል። የሲሚንቶ ዋጋ፣ የብረት ዋጋ፣ የዶላር ዋጋ፣ የሚሸጥ ቪላ፣ የሚከራይ መጋዘን፣ በመሐሉ ደግሞ የዘመድ ሠርግ ጥሪ ይመጣል። ነጋዴው ይህን ሁሉ አንብቦ ሲጨርስ ገበያውን ያወቀ ይመስለዋል። ይህ ጸሐፊ ግን አይስማማም።

አስቀድመን አንድ ነገር እናጥራ። “ስልክህን ዝጋና ሥራህን ሥራ” የሚለው ምክር ለደራሲ ይበጅ ይሆናል፤ ለደላላ ግን ስልክ መዝጋት ሱቅ መዝጋት ነው። ሁለት ጊዜ ደውሎ ያጣው ደንበኛ ለሌላው ይደውላል፤ ኮሚሽኑም አብሮ ይሄዳል። ስለሆነም ጥያቄው ስልክ ይኑር አይኑር ሳይሆን፣ ከሚጮኸው ሁሉ ገንዘብ የሚያመጣው የትኛው ነው የሚለው ነው።

በዚህ ረገድ ከአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ የተገኘ አንድ ማስረጃ አለ። ብራድ ባርበርና ቴራንስ ኦዲን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 1996 ድረስ የ66,465 ቤተሰቦችን የአክሲዮን ሂሳብ መረመሩ። ገበያው በአማካይ በዓመት 17.9 በመቶ ሲያተርፍ፣ አብዝተው ሲገዙና ሲሸጡ የነበሩት ያገኙት 11.4 በመቶ ብቻ ነበር። በሌላ ጥናታቸው ደግሞ ትእዛዛቸውን በስልክ መስጠት ትተው ወደ ኢንተርኔት የተሸጋገሩ 1,607 ባለሀብቶችን ተከታተሉ። እነዚህ ሰዎች ከመሸጋገራቸው በፊት ገበያውን በዓመት ከ2 በመቶ በላይ ይበልጡት ነበር፤ ከተሸጋገሩ በኋላ ግን ከ3 በመቶ በላይ ወደ ኋላ ቀሩ። ልብ በሉ፣ መረጃው አላነሰባቸውም፤ እንዲያውም በዝቶላቸዋል። የበዛው መረጃ እጃቸውን አላስቀምጥ አለው እንጂ።

ወደ አገራችን እንምጣ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲፈቅድ፣ በንግድ ባንክ የአንድ ዶላር መግዣ በአንድ ቀን ከ57 ብር ገደማ ወደ 74 ብር ገደማ ዘለለ። ያን ሰሞን ዓይኑን ከስልኩ ያልነቀለ ነጋዴ አይወቀስም። የሚያስወቅሰው ያ ልማድ ከዚያ በኋላም አብሮት መቅረቱ ነው። ዕቃው ባሕር ላይ ያለ፣ ክፍያውንም የጨረሰ አስመጪ የዛሬ ረፋድ ተመን ለዚያ ኮንቴይነር ዕቃ የከፈለውን ዋጋ በአንድ ሳንቲም እንኳ አይቀይርለትም። ሊያስጨንቀው የሚገባ የሚቀጥለው ዕቃ በስንት ይተካል የሚለው ነው፤ እሱም በሳምንት አንድ ቀን ተቀምጦ በወረቀት ላይ የሚሠራ ሂሳብ ነው። እኛ ዘንድ የሚታየው ግን ሌላ ነው። በአራት ሰዓት አንድ መልእክት ያያል፣ ዋጋ ይጨምራል። በዘጠኝ ሰዓት ሌላ ያያል፣ ይቀንሳል። ከክፍለ ሀገር የመጣው የጅምላ ደንበኛ በመካከሉ ተሰላችቶ ጎረቤት ገብቶ ይገዛል። መልእክቱን የጻፈው ማን እንደሆነ፣ ምን መሸጥ ፈልጎ እንደጻፈው የሚጠይቅ የለም።

የመቋረጡ ዋጋም ቀላል አይደለም። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩት ግሎሪያ ማርክ እ.ኤ.አ. በ2004 ሲለኩ፣ የቢሮ ሠራተኛ በአንድ ስክሪን ላይ በአማካይ ሁለት ደቂቃ ተኩል ይቆይ ነበር፤ በቅርቡ ዓመታት ወደ 47 ሰኮንድ ወርዶ አግኝተውታል። ሌላዋ ተመራማሪ ሶፊ ሌሮይ እ.ኤ.አ. በ2009 እንዳሳዩት ደግሞ፣ አንዱን ሥራ ሳይጨርስ ወደ ሌላው የዞረ ሰው አሳቡ በከፊል የፊተኛው ላይ ይቀራል፤ ሁለተኛውንም በደንብ አይሠራውም። ፕሮፎርማ እያነበበ ስለ መሬት ዋጋ የሚከራከር አስመጪ ምን ሊደርስበት እንደሚችል መገመት አያዳግትም። የአንድ ዕቃ መለኪያ ወይም የኤልሲው አንድ መስመር ከተሳሳተ፣ ጅቡቲ ላይ የሚቆጠረው ዴሙሬጅ ይቅርታ አያውቅም።

ከሁሉ የሚያሳስበው ግን የገንዘብ መቀበያው ጠረጴዛ ነው። ክፍያው በቴሌብርና በባንክ መተግበሪያ ከሆነ ወዲህ፣ የሐሰት የገቢ መልእክትና የተሠራ ስክሪንሾት እያሳየ ዕቃ የሚጭን አጭበርባሪ በዝቷል። አጭበርባሪው የሚመርጠው ሰዓት የታወቀ ነው፤ ሱቁ ሲጨናነቅ፣ ስልኩ ሲደዋወል፣ ጫኙ “ቶሎ በሉ” ሲል። ገንዘብ ተቀባይዋ የደንበኛውን ስክሪን አየት አድርጋ ትለቃለች። ዕቃው ከሄደ በኋላ ሂሳቡ ሲታይ ገንዘቡ አልገባም። ከዚያ ከደመወዟ ይቆረጣል። ፍርዱ ትክክል ነው ወይ? የክፍያ መልእክት የሚገባበት ስልክ ያው የባለቤቱ ግሩፖች የሚንጫጩበት ስልክ ከሆነ፣ ባለቤቱም በየአሥር ደቂቃው እየደወለ ስለ ሌላ ጉዳይ የሚጠይቃት ከሆነ፣ ጥፋቱ የእሷ ብቻ ነው ለማለት ይከብዳል። (ሠራተኛውን በቲክቶክ የሚቆጣው አሠሪ ራሱ በስብሰባ ላይ ምን እንደሚያይ ብንጠይቀው ደስ አይለውም።)

መፍትሔው ውድ አይደለም። ለክፍያ የተለየ ቀላል ስልክ ይኑር፤ ሌላ ምንም አይጫንበት። ዕቃ የሚለቀቀው በደንበኛው ስክሪን ሳይሆን በራስ ሂሳብ ላይ ታይቶ ይሁን። ደላላውም ቢሆን የሚደውልለትን ሰውና በግሩፕ የሚለጥፈውን ሰው ይለይ። የደወለ ጉዳይ አለው፤ የለጠፈው ግን ለአንድ ሺህ ሰው ነው የለጠፈው። የጥሪው ድምፅ ክፍት ሆኖ የግሩፖቹ ድምፅ ቢዘጋ አንድም ኮሚሽን አይጎድልም። ግሩፖቹን በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ሰብሰብ አድርጎ ማየት ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ አንድ ጥናት እንዳሳየው፣ መልእክቱ ባይከፈት እንኳ የመግባቱ ድምፅ ብቻ ትኩረት የሚጠይቅ ሥራን ያበላሻል። ስለዚህ “እሰማዋለሁ እንጂ አላየውም” የሚለው ምክንያት አያዋጣም።

ድሮ በየሱቁ የነበረው የጠረጴዛ ስልክ በእንጨት ሳጥን ተቆልፎ ቁልፉ በባለቤቱ ኪስ ይውል እንደነበር ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። የሚቆለፈው ቆጣሪው ስለሚያስከፍል ነበር። አሁን ፓኬጁ ረከሰና መቆለፉ ቀረ፤ ሒሳቡን በሌላ መንገድ እየከፈልነው ነው።

ነገሩን ዛሬ የማነሣበት ምክንያት አለኝ። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ተከፍቷል። በዚያው ዓመት ኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮኑን በቴሌብር ሲሸጥ የአንዱ ዋጋ 300 ብር፣ ዝቅተኛው ግዢ 33 አክሲዮን ስለነበር፣ 9,900 ብር ያለው ሰው ከቤቱ ሳይወጣ ባለአክሲዮን መሆን ችሏል። ይህ መልካም ነገር ነው። ግን የከተማችን ባለሀብት አክሲዮንን እየተዋወቀ ያለው ቀኑን ሙሉ በሚጮህበት በዚያው ስልክ ነው። ዋጋ በተነቃነቀ ቁጥር የሚያንጫርር መተግበሪያ ከሚሰጡን፣ ማታ ማታ አንድ ጊዜ የዕለቱን ሂሳብ የሚልክ ቢሰጡን ይሻለናል። የአገናኝ ድርጅቶች ገቢ ከግብይት ብዛት ስለሚመጣ ይህን በራሳቸው ፈቃድ ያደርጉታል ብሎ መጠበቅ ያስቸግራል። ደንበኛው ሂሳብ በሚከፍትበት ዕለት፣ ፊርማውን ከማኖሩ በፊት ሊጠይቃቸው ይገባል።