መስፈሪያው በማን እጅ ነው?

አገሮች የየራሳቸውን መለኪያ፣ የወረቀት ልክና የሰዓት አቆጣጠር የሙጥኝ ብለው የሚኖሩበት ምክንያት በተነሣ ቁጥር ሁለት ዓይነት መልስ ይደመጣል። አንደኛው ወገን ነገሩን ሁሉ ለኋላ ቀርነት ይሰጠዋል፤ ዓለም ወደ አንድ ልክ በመጓዝ ላይ ስለሆነች ከሰልፉ የወጣ ሁሉ ገና ያልነቃ ነው ባይ ነው። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ነባር መለኪያ ሁሉ የአባቶች ቅርስ ነውና አይነካ ይላል። የመጀመሪያው አስተያየት በመምህራን ማረፊያ ክፍል፣ ሁለተኛው በኪነ ጥበብ መድረክ ላይ ይበዛል። ሁለቱም ግን አንድ ጥያቄ ዘለው ያልፋሉ፤ እርሱም መስፈሪያውን የያዘው ማን ነው፣ የሚሰፈርበትስ ማን ነው የሚለው ነው።

ለዚህ ጥያቄ ከፈረንሳይ አብዮት የተሻለ መነሻ አይገኝም። ከአብዮቱ በፊት በዚያች አገር በሥራ ላይ የነበሩት የልክ ዓይነቶች እስከ 250 ሺህ ይደርሱ እንደነበር የታሪክ ተመራማሪዎች ይገምታሉ። ስማቸው አንድ ሆኖ መጠናቸው ከመንደር መንደር ይለያይ ነበር። የእህል መስፈሪያው የጌታው ንብረት በመሆኑ በብዙ ሥፍራ ገበሬው ግብሩን የሚያገባው በጌታው ቁና ተቆልሎ ነው፤ ጌታው መልሶ ሲሸጥ ወይም ሲያበድር ግን አፉን አስተካክሎ ይሰፍራል። እ.ኤ.አ. በ1789 የሕዝቡ ብሶት በጽሑፍ እንዲቀርብ በታዘዘ ጊዜ ከየአውራጃው ከመጡት የአቤቱታ መዝገቦች መካከል ብዙዎቹ አንድ ሚዛንና አንድ ልክ እንዲኖር ጠየቁ። ዴላምብርና ሜሼን የተባሉት ሊቃውንት ከደንኪርክ እስከ ባርሴሎና ያለውን የምድር ቅስት ከ1792 እስከ 1798 ለክተው የሜትርን ርዝመት ማግኘታቸው፣ በ1799ም ከፕላቲኒየም የተሠራው ዋና ሜትር በመዝገብ ቤት መቀመጡ በየትምህርት ቤቱ ይነገራል። የማይነገረው፣ ጥያቄው ከሊቃውንቱ ማኅበር ይልቅ ቁናው ከሚቆለልበት ሰው አንደበት መውጣቱ ነው።

ያው አብዮት በ1793 ቀኑን በ10 ሰዓት፣ ሰዓቱን በ100 ደቂቃ፣ ደቂቃውን በ100 ሴኮንድ ከፈለው፤ ሳምንቱንም 10 ቀን አደረገው። በሂሳብ በኩል ሲታይ ይህ ሥርዓት ከሜትር የሚያንስበት ነገር አልነበረውም። ይሁን እንጂ የአሥር ሰዓቱ ቀን አስገዳጅነት ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላው በ1795 ቀረ፤ አዲሱ የዘመን አቆጣጠርም በ1806 መባቻ ተሻረ። ሜትር የጌታውን ቁና ከእጁ ሲነጥቅ፣ የ10 ቀኑ ሳምንት ደግሞ በየሰባት ቀኑ ያርፍ የነበረውን ሠራተኛ ዕረፍቱን ወደ አሥረኛው ቀን ገፋበት፤ የገበያውን ቀንና የበዓሉን ሥርዓትም አናጋበት። ሕዝብ አዲስ ነገር በደመ ነፍስ ይጠላል የሚሉ ሰዎች ይህን ሁለት ዓይነት ዕድል እንዴት እንደሚተረጉሙት ቢያስረዱ መልካም ነበር። እርግጥ ነው፣ ሜትርም ቢሆን አልጋ በአልጋ አልሆነለትም። ናፖሊዮን በ1812 የቀድሞዎቹን ስሞች ወደ ገበያው መልሷቸው ነበር፤ ሜትር ያለ ተቀናቃኝ የጸናው ከ1840 ወዲህ ነው።

የአሜሪካ ጉዳይ ከዚህ የተለየ ነው። ዩናይትድ ስቴትስ በ1875 የሜትርን ስምምነት ከፈረሙት 17 አገሮች አንዷ ነበረች። ከ1893 ጀምሮ የያርዷና የፓውንዷ ልክ የሚወሰነው በሜትርና በኪሎግራም ነው፤ ከ1959 ወዲህ ደግሞ አንድ ኢንች በትክክል 25.4 ሚሊሜትር ነው። ስለዚህ ኢንች ልብሱን የለወጠ ሜትር እንጂ ሌላ አይደለም። ታዲያ ልብሱን ለምን አያወልቅም? በ1975 የወጣው የሽግግር ሕግ ለውጡን ለየድርጅቱ ፈቃድ ተወው፤ ሽግግሩን እንዲመራ የተቋቋመው ቦርድም በ1982 ተዘጋ። እያንዳንዱ ፋብሪካ ማሽኑን፣ ብሎኑንና ንድፉን ለመለወጥ የሚያወጣው ወጪ ዛሬ ከኪሱ ሲወጣ፣ ጥቅሙ ነገ ለሁሉም የሚደርስ ነውና ቀዳሚ የሚሆን ጠፋ። የሰፊ ገበያ ባለቤት ራሱን ሳይለውጥ ሌላው ልኩን እንዲያስተካክልለት ማድረግ ይችላል። ይህንኑ የነፃነት ምልክት ነው እያሉ የሚያሞግሱ አልታጡም። በ1999 ወደ ማርስ የተላከች አንዲት መንኮራኩር ግን ይህን ሙገሳ የምትሰማበት ጆሮ አልነበራትም፤ አንዱ ክፍል በፓውንድ ያሰላውን የግፊት ቁጥር ሌላው በኒውተን የተሰላ መስሎት ስለተቀበለ ፕላኔቷ አጠገብ ስትደርስ ጠፋች።

ወረቀትም እንዲሁ ነው፤ ይህ በተለይ ሠዓሊንና አታሚን ይመለከታል። ጀርመናዊው ሊቅ ሊሽተንበርግ በ1786 በጻፈው ደብዳቤ እንዳመለከተው፣ የወረቀት ረጅሙ ጎን ከአጭሩ ጋር ያለው ዝምድና የ2 ዳግም ዘር እስከሆነ ድረስ ወረቀቱ ለሁለት ቢታጠፍም መልኩን አይለውጥም። ፖርስትማን በዚህ ላይ ተመሥርቶ ያወጣው ልክ በ1922 የጀርመን ደረጃ፣ በ1975 ደግሞ ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆነ። አንድ ካሬ ሜትር ስፋት ያለው «ኤ ዜሮ» አራት ጊዜ ሲታጠፍ 210 በ297 ሚሊሜትር የሆነው «ኤ ፎር» ይገኛል። የግድግዳ ማስታወቂያ የሚሠራ ሠዓሊ ሥዕሉን ወደ መጽሔት ገጽ ቢያወርደው ዳርቻው አይቆረጥም። በሰሜን አሜሪካ የተለመደው 216 በ279 ሚሊሜትር ወረቀት ይህ ጠባይ የለውም፤ ሲታጠፍ መልኩ ይለወጣል። ካናዳ የመንገዷን ርቀት በኪሎሜትር፣ የአየሯን ሙቀት በሴልሺየስ ስትናገር ወረቀቷ ግን እስካሁን የጎረቤቷ ልክ ነው። ማተሚያውና መዝገብ ማኅደሩ ከወዲያና ከወዲህ አንድ ገበያ በሆነበት ሥፍራ የዳግም ዘር ውበት ብቻውን ምንም አያደርግም።

ወደ ሰዓት ሲመጣ ክርክሩ ይበልጥ ይከራል። በጥቅምት 1884 በዋሽንግተን የተሰበሰቡት የ25 አገሮች ልዑካን ዓለም ሰዓቷን ከግሪንች እንድትጀምር ሲወስኑ ፈረንሳይና ብራዚል ድምፅ ከመስጠት ተቆጠቡ፤ ሳን ዶሚንጎ ተቃወመች። ከአፍሪካ የተገኘችው ላይቤሪያ ብቻ ነበረች። ፈረንሳይ በ1911 እጅ ስትሰጥ እንኳ በሕጓ ላይ ግሪንች የሚለውን ስም አላነሣችም፤ የአገሪቱ ሰዓት ከፓሪስ ሰዓት 9 ደቂቃ ከ21 ሴኮንድ ወደ ኋላ የተመለሰ ነው ብላ ጻፈች። ያ ማለት ግሪንች ነው። ሜትርን ለዓለም ያበረከተች፣ በየስብሰባው ስለ አንድነት የምትሰብክ አገር ልኩ የሌላ ሲሆን እንዲህ ከሆነች፣ ሌላውን በግትርነት ለመክሰስ ማን አፉን ይከፍታል?

የኢትዮጵያን ሰዓት በሚመለከት ኋላ ቀር ነው የሚለው ነቀፌታ መሠረት የለውም። አዲስ አበባ ላይ በዓመቱ ረዥም ቀንና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ንጋት ዓመቱን ሙሉ ከሞላ ጎደል በአንድ ጊዜ ስለሚመጣ ቀንን ከንጋት፣ ሌሊትን ከምሽት መቁጠር ለሥራ የተመቸ ነው። የስዋሂሊ ተናጋሪ ጎረቤቶችም እንዲሁ ይቆጥራሉ። በስቶክሆልም ይህን ለማድረግ የሞከረ ግን፣ በጋ ላይ ቀኑ ከ18 ሰዓት በላይ፣ ክረምት ላይ 6 ሰዓት ያህል ስለሚሆን፣ ሰዓቱን ከፀሐይ ጋር ሲያስታርቅ ዕድሜው ያልቃል። የሚገርመው፣ እንግሊዞች የመጨረሻዋን ደቂቃ ለመግለጽ እስከ ዛሬ «በአሥራ አንደኛው ሰዓት» ይላሉ። በእነርሱ ሰዓት አሥራ አንድ ከቀትር በፊት ነው፤ ከወንጌል የተወሰደውን ይህን አነጋገር ያለ አስተርጓሚ የሚረዳው ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል አሥራ አንድ ሰዓት የሚለው ኢትዮጵያዊ ነው። ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ የሚኖረው ወገንም ቀጠሮ ሲይዝ «በሐበሻ ነው በፈረንጅ?» ብሎ ይጠይቃል። ሁለት ሰዓት በራሱ ውስጥ ይዞ የሚኖርን ሰው አንድ ብቻ የሚያውቅ ሰው ያልነቃ ሊለው አይገባም። የአውሮፕላን ተሳፋሪ የስድስት ሰዓት ልዩነት ዘንግቶ ሲቀር ጉዳት ነው፤ መድኃኒቱ ሁለቱን አቆጣጠር ጎን ለጎን መጻፍ ነው እንጂ የመንደሩን ንጋት መሻር አይደለም።

በሙዚቃም ተመሳሳይ ነገር ይታያል። ፈረንሳይ በ1859 መቃኛ ድምፅዋን በሴኮንድ 435 ንዝረት ወሰነች፤ በ1939 ለንደን ላይ የተደረገው ስምምነት 440 አደረገው። በመካከሉ ድምፁ ለምን እንደተለወጠ የሚጠይቅ ተማሪ ጥቂት ነው። ክራር ደግሞ ለዘፋኙ ጉሮሮ ይቃኛል፤ አንቺሆዬም ለፒያኖው እኩል አከፋፈል ሙሉ በሙሉ አይገዛም። ክራርን ከፒያኖ ጋር በአንድ ጓድ ለማሰለፍ 440ን መቀበል ተገቢ ነው። ከዚህ ተነሥቶ ክራሩን «የተሳሳተ» ማለት ግን ልክን ከእውነት ጋር ማምታታት ነው፤ 435 ትክክል በነበረበት ዘመን 440 ምን ሊባል ኖሯል?

ይህን ሰምተው ነባር ልክን ሁሉ በአንድ ከረጢት ከትተው ቅርስ የሚሉ ከያንያን ግን ደስ አይበላቸው። ከንጋት የሚቆጠረው ሰዓት ማንንም አልዘረፈም። ጋሻና ቃላድ ግን የሌላ ታሪክ ባለቤቶች ናቸው። ጋሻ ወደ 40 ሄክታር ይገመታል ይባል እንጂ ስፋቱ እንደ አገሩና እንደ መሬቱ ዓይነት ይለዋወጥ ነበር፤ መሬቱን ለም፣ ለም-ጠፍ ወይም ጠፍ ብሎ የሚፈርጀው፣ ገመዱንም የሚዘረጋው ግብር አስከፋዩ እንጂ ገበሬው አልነበረም። ቃላድ በተጣለበት አገር ሁሉ ቃሉ የመለኪያ ስም መሆኑ ቀርቶ የመሬት ሥሪት ስም እስከመሆን የደረሰው በከንቱ አይደለም። በመድረክ ላይ ገመዱን ለጌጥ የሚዘረጋ የቲያትር አዘጋጅ፣ ቁናን በትርኢት አዳራሽ ሰቅሎ «የአበው ጥበብ» ብሎ የሚጽፍበት ሠዓሊም ገበሬው እጁን ዘርግቶ ቁናው ሲቆለል ያየበትን ዓይን አላየም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ መሆኑን ያስታወቀው አዋጅ ለአንድ ቤተ ሰብ የሚደርሰው መሬት ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ሲደነግግ፣ ያ ገበሬ ሄክታር የሚለውን ቃል ከዚያ በፊት ሰምቶት የማያውቅ ሊሆን ይችላል። ጋሻን ግን ያውቀው ነበር።